የኪስ ኢሲ ሜትር ለሩዝ ችግኝ ፍተሻ፦ ምኑ ይታመናል፣ ምኑ አይታመንም

የጎጃም ደጋ አፈር ችግሩ አሲድነት እንጂ ጨው አይደለም፤ ክረምቱ ጨውን አጥቦ ይወስደዋል። ስለዚህ ለአሚባራና ለመሰል ጨዋማ የአዋሽ ሸለቆ ማሳዎች የሚሆን ሩዝ ባሕር ዳር ወይም አዴት ላይ የሚመርጥ ባለሙያ ጨዋማውን መሬት በገንዳ መሥራት አለበት። ለዚህ ሥራ እንደ እስክሪብቶ የሚያዘው ኢሲ ሜትር (ውሃ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት መጠን ጨዋማነቱን የሚለካው) ገንዘቡ የማይቆጭ ዕቃ ነው፤ ሁሉም ዓይነት ግን አይሆንም።

መጀመሪያ እስከ ስንት እንደሚያነብ ይታይ። አንዳንዱ ከ4 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር አያልፍም፤ ፍተሻው ግን 12 ይፈልጋል። የበቀለው ዘር ከሥሩ የናይለን መረብ ባለው ቀዳዳ ፎም ላይ ሆኖ በንጥረ ምግብ ውሃ ይንሳፈፋል። በሊትር 3 ግራም ጨው ሲገባ ንባቡ ወደ 6 ይደርሳል፤ ከ3 ቀን በኋላ ጨው ተጨምሮ በሊትር 6 ግራም ሲሞላ ንባቡ 12 ገደማ ይሆናል። የገበያ ጨው እርጥበት ስለሚይዝ በሚዛን ጀምሮ በመለኪያው መጨረስ ነው።

የሙቀት ማስተካከያ የሌለውን ፈጽሞ አይግዙ። ንባቡ በ1 ዲግሪ 2 በመቶ ያህል ይለዋወጣል። ጠዋት 17 ዲግሪ የሆነ ውሃ በ25 ዲግሪ ከሚነበበው 16 በመቶ ያህል አንሶ ይታያል፤ ሠራተኛው ጨው ይጨምርበታል፣ ከቀትር በኋላ የችግኙ ቅጠል ይጠቀለላል። ደህና ዝርያ እንዲህ ባክኖ ሲጣል ያሳዝናል።

መለኪያው በ12.88 መፈተሻ ፈሳሽ የሚስተካከል ቢሆን ይመረጣል፤ በ1.413 ብቻ የተስተካከለው 12 ላይ ሲደርስ ሊስት ይችላል። «ፒፒኤም» (ከሚሊዮን ስንት እጅ) የሚለውን ቁጥር ይተዉት፦ ያው 12 በአንዱ መሣሪያ 6000፣ በሌላው 8400 ሆኖ ይወጣል። ከሥራ በኋላ ጫፉ በተጣራ ውሃ ይታጠብ፤ ጨው ደርቆበት ካደረ የማግስቱ ንባብ አይታመንም።

ለማሳ ግን ይጎድለዋል። 20 ግራም አፈር በ100 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ በጥብጦ የሚገኘው ቁጥር በአፈር ሊጥ (ውሃ እስኪጠግብ በተለወሰ አፈር) ከሚለካው በብዙ እጥፍ ያንሳል፤ ሩዝ ጉዳት ይጀምረዋል ከሚባለው 3 ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። አሲድነትንም አያሳይም። ፒኤች ከ5.5 በታች የወረደ፣ አሉሚኒየም ሥሩን የሚያቃጥልበት ማሳ በዚህ መሣሪያ ጤነኛ መስሎ ይታያል፤ ኖራ የሚፈልገውን መሬት የሚለየው ፒኤች መለኪያ ነው።

የመሣሪያው እውነተኛ ምስክር ገንዳው ውስጥ ነው፦ ጨው የማይችለው የሩዝ ዝርያ አይአር29 ከሚችለው ዝርያ ኤፍኤል478 ጎን ይተከል። ጨው ከገባ በ10ኛው ቀን አይአር29 አረንጓዴ እንደሆነ ከቆመ፣ መለኪያው 12 ቢልም ውሃው 12 አይደለም።