ወላጅን አገር ቤት ለማሳረፍ፦ እድር ወይስ ጎፈንድሚ?

አሜሪካ ያረፉ እናት ወይም አባት «አፈሬ አገሬ ይሁን» ብለው ከተናዘዙ ገንዘቡ በቀናት ውስጥ ያስፈልጋል። የቀብር አስፈጻሚው ክፍያ፣ የሬሳ ሣጥኑ፣ የአውሮፕላን ጭነቱና የኤምባሲው ሰነድ ፋታ አይሰጡም።

እድር ካለ መጀመሪያ የሚደወለው ለሰብሳቢው ነው። የሚከፈለው መጠን በመተዳደሪያ ደንቡ የተቆረጠ ስለሆነ ልመናም ጭቅጭቅም የለበትም። የሚያሰናክለው ውዝፍ መዋጮ ነው፤ አዲስ አባልም የመቆያ ጊዜውን ካልጨረሰ ላይከፈለው ይችላል። ለጥየቃ የመጡ ወላጆች ስማቸው በልጃቸው የአባልነት ቅጽ ላይ መስፈሩ ቀድሞ ይታይ።

ጎፈንድሚ፣ በኢንተርኔት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ጣቢያ፣ ለማንም ክፍት ነው፣ ግን ይቆርጣል፦ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም። 60 ሰው መቶ መቶ ዶላር ቢሰጥ ከ6,000ው 192 ይሄዳል፤ ያንኑ 300 ሰው ሃያ ሃያ ቢያዋጣ 264። ለጣቢያው የሚጠየቀው ጉርሻ የሰጪው ፈቃድ ነው፤ ብዙዎች ግን ግዴታ ይመስላቸዋል። ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ ጥቂት የሥራ ቀናት ይወስዳል። የተቀባዩ ስም ከመታወቂያውና ከባንክ ሒሳቡ ጋር ከተለያየ ክፍያው ሊታገድ ይችላል፤ የእኛ ስም በላቲን ሲጻፍ ደግሞ መለያየቱ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ያለ ወንድምን ተቀባይ ማድረግም አይሠራም፣ ኢትዮጵያ ከሚከፈልባቸው አገሮች ውስጥ የለችም።

እድሩ ይቅደም፣ ጎፈንድሚው የጎደለውን ይሙላ። ሲከፈት የቀብር አስፈጻሚውን የዋጋ ዝርዝር አያይዙ፣ እድሩ የሸፈነውንም ቀንሳችሁ ጻፉ።