የአያቴን የአርበኝነት ዘመን ፎቶ ያደሰልኝ የአራት ኪሎው ፎቶ ቤት

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ይሄን ሪቪው ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል ምክንያቱም ስለ ፎቶ ቤቱ ብቻ ጽፌ ማለፍ አልቻልኩም። የቆየ ፎቶ የሚያድስ ሰው ለምትፈልጉ ባጭሩ፦ አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ሁለተኛ ፎቅ፣ በሩ ላይ "ፎቶ" ብቻ ነው የተጻፈው። ሂዱ። ጊዜ ያላችሁ ደሞ ረጅሙን አንብቡልኝ።

ፎቶው ላይ ያለው የእናቴ አባት ነው። ጀርባው ላይ በእርሳስ "ሚያዝያ 1933 ደብረ ማርቆስ" ይላል። ከፖስትካርድ ያነሰ ነው፣ አንዱ ጥግ ተቀዷል፣ በቀኝ በኩል ታችኛውን እርጥበት በልቶት ቡናማ ሆኗል፣ ስንት ዘመን መጀመሪያ ሳጥን ውስጥ ከዛ እማዬ ዳዊት ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ነገር ነው። አያቴ ጎፈሬውን አሳድጎ (ጣሊያን ካልወጣ ጸጉሬን አልቆረጥም ብለው ከማሉት አንዱ ነው) ጠመንጃውን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል፣ ከጎኑ ጥምጥም ያሰረ ሱዳናዊ ወታደር አለ፣ ቀጥሎ ቁምጣ የለበሰ ቀጭን እንግሊዛዊ፣ ጫፍ ላይ ደሞ ዩኒፎርም ለብሶ በባዶ እግሩ የቆመ የኛ ልጅ እግር፣ አያቴ "ከኬንያ የመጣው ልጅ" ነበር አሉ የሚለው። ከኋላቸው የተጫነች በቅሎ።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቦታ ነው፣ ስሙን ተዉት። 1,500 ብር ከፍዬ በ20 ደቂቃ ውስጥ በኤአይ ሠርተው ሰጡኝ። ላየው ሰው ያምራል፣ ጥርት ብሏል፣ ከለር ሁሉ አለው። ቤት ወስጄ ለእማዬ ሰጠኋት፣ መነጽሯን አድርጋ ትንሽ አየችውና "ይሄ ማነው?" አለችኝ። የጠየቀችኝ ስለ አባቷ ነው። እውነትም ሳየው የሌላ ሰው ፊት ነው፣ የሆነ የተዋናይ ፊት ነገር፣ ሱዳናዊው ነጥቶ እንግሊዛዊውን መስሏል ጥምጥሙም ኮፍያ ሆኗል፣ ባዶ እግሩን የነበረው ልጅ ቆዳ ጫማ ተጫምቷል። ተመልሼ ስሄድ "ክሊር እንዲሆን አይደል እንዴ የፈለግሽው" ነው ያሉኝ። አልቅሼ ነው የወጣሁት። ለምን በሉኝ፣ የቀየሯቸው ነገሮች በሙሉ ፎቶው የሚናገራቸው ነገሮች ናቸዋ፣ ጥምጥሙም ባዶ እግሩም።

እዚህኛው ጋ ስሄድ ባለቤቱ፣ ሸበቶ ሰው ናቸው፣ ፎቶውን በጥፍራቸው ጫፍ ይዘው መስኮቱ ጋ ወሰዱትና ምንም ሳይሉ ቆዩ። ከዛ "እነማን ናቸው?" አሉኝ። "ጋሼ ይሄ አያቴ ነው፣ የሌሎቹን ስም አላውቅም" አልኳቸው። "ስም አይደለም የምልሽ ልጄ፣ ምን ሰዎች ናቸው? እሱን ካላወቅኩ የቱ እድፍ የቱ ልብስ እንደሆነ በምን እለያለሁ?" ሻይ አስመጡልኝና የማውቀውን ሁሉ አስወሩኝ። በሥራ ቀን፣ ሌላ ደምበኛ እየጠበቀ ማለት ነው።

የነገርኳቸውን ለናንተም ልንገራችሁ። አርበኛው በየጫካው አራት ዓመት ብቻውን ነው የተዋጋው፣ እንግሊዝ ያኔ ከሙሶሊኒ ጋር ላለመጣላት ስትል ኢትዮጵያ የጣሊያን ናት ብላ እውቅና ሁሉ ሰጥታ ነበር። ነገሩ የተገለበጠው ሰኔ 3 ቀን 1932 ጣሊያን እንግሊዝና ፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ ጃንሆይን ከስደት አንስተው ካርቱም አደረሷቸው። ነሐሴ ላይ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ ጥቂት ሰዎች፣ በቅሎዎችና ሬዲዮ ይዞ ድንበር ተሻግሮ ጎጃም ገባ፣ ሚሽን 101 ሚባለው እሱ ነው። ሳንፎርድ ለአገሩ አዲስ አልነበረም፣ ከጦርነቱ በፊት ሙሎ ላይ እርሻ የነበረው ሰው ነው፣ የሳንፎርድ ትምህርት ቤት ስምም ከዚሁ ቤተሰብ ነው የመጣው። የጃንሆይ ወኪል ሆነው አብረው የሠሩት አዛዥ ከበደ ተሰማ ናቸው። መጀመሪያ ላይ የነበራቸው ትልቁ ሥራ ማስታረቅ ነበር፣ የጎጃም አርበኞች መሪዎቹ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ አይስማሙም ነበር፣ ሁለቱ ሳይስማሙ ጎጃም ላይ የሚሆን ነገር የለም። አርበኛው አገሩን ያውቃል፣ ሕዝቡ ያበላዋል ይደብቀዋል፣ የሌለው ጥይት፣ ገንዘብ፣ እና ከውጭ ጋር መገናኛ ነው። እንግሊዝ ያ አላት፣ ተራራውን ግን ያለ አርበኛው መውጣት አትችልም። እኔ ትብብር ሲባል የሚገባኝ እንደዚ ነው።

ገንዘቡ ደሞ ጠገራ ነው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት የብር ሳንቲም። ገበሬው የጣሊያንን ወረቀት አያምንም፣ ስለዚ እንግሊዞች ማርያ ቴሬዛን ለንደንና ቦምቤይ እያስመቱ በሣጥን በሣጥን ላኩ፣ ሴትየዋ ከሞተች ስንት ዘመኗ ብሩ ላይ ግን ሁሌም 1780 ነው ሚለው። አንዷ ከአያቴ ተርፋ እማዬ ጋ አለች፣ ይዣት ሄጄ ለጋሼ አሳየኋቸው። የሴትየዋ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ዙሪያውን ዕንቁ አለው፣ ያኔ ሰዉ ብሩን ሲቀበል እሱን ዕንቁ በጥፍሩ ይቆጥር ነበር አሉ፣ የኛዋ ላይ ከመነካት ብዛት ሁለቱ ጠፍተው እንደ ሳሙና ልስልስ ብለዋል። ጋሼ በማጉያ መነጽር አይተው መልሰው እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ እጄን ጨብጠው ዘጉት።

ጥምጥም ያሰረው ሰውዬ ከሱዳን መከላከያ ጦር ነው፣ የጠረፍ ሻለቃ ሚባለው። ባዶ እግሩን ያለው ልጅ ደሞ ጣሊያን ሲገባ ወደ ኬንያ ከተሰደዱት ኢትዮጵያውያን ከተቋቋመው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነው። እነዚህ ልጆች የካቲት መጨረሻ 1933 ደምበጫ አጠገብ ቻራካ ወንዝ ላይ ሰፍረው ሳለ ከቡሬ የሚያፈገፍገው የጣሊያን ጦር በሙሉ ላያቸው ላይ መጣባቸው፣ ከነብረት ለበስ መኪናው፣ ቁጥሩ ብዙ እጥፋቸው ነው፣ ብዙ ሰው ሞተባቸው ግን አልተበተኑም። አሁን ለዚህ ልጅ ኤአዩ ጫማ ሲያደርግለት ለምን እንዳመመኝ ይገባችኋል።

ይሄን ሁሉ በአንድ ላይ ያዘዘው እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ነው፣ ታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ የሚጠሩት ዊንጌት፣ ጦሩ ጌዴዎን ይባላል፣ ከ2 ሺህ ሰው አይበልጥም ነበር። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበሩን አልፈው ባንዲራ ሰቀሉ፣ ከዛ በበለያ አድርገው ወደ ደጋው ወጡ፣ ስንቁን የጫኑት ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ግመሎች ናቸው፣ ግመል ደሞ የጎጃምን አቀበትና ብርድ አይችልም፣ አብዛኞቹ መንገድ ላይ ነው ያለቁት። አያቴ ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወራም ነበር ስለ ግመሎቹ ሽታ ግን ያወራ ነበር፣ መንገዱን በሽታው ነበር ምናውቀው ይል ነበር አሉ። በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ተያዘ፣ በዛው ሰሞን ከኬንያ የተነሳው የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ ገባ፣ በዚህ ጦር ውስጥ ናይጄሪያዊውም ጋናዊውም ደቡብ አፍሪካዊውም አለበት፣ በሰሜን በኩል ደሞ ኤርትራ ከረን ላይ ያለቁት ሕንዶችስ። ሚያዝያ 27 ደሞ ያው፣ ሐውልቱ ከጋሼ መስኮት ጫፉ ይታያል።

እኔን ሚያናድደኝ ሁለት ዓይነት ወሬ ነው። አንዱ "እንግሊዝ ነፃ አወጣችን" የሚለው፣ አርበኛው ጣሊያንን ከየምሽጉ እንዳይወጣ አድርጎ ባይይዘው 2 ሺህ ሰው ጎጃምን በምን አቅሙ? ሌላው "ማንም አልረዳንም" የሚለው፣ ታዲያ ቻራካ ላይ፣ ከረን ላይ የሞቱት የማን ልጆች ናቸው? እንግሊዞች በኋላ ያደረጉትም ይታወቃል፣ አገሩን ከጠላት የተያዘ ግዛት ነው ብለው ራሳቸው ሊያስተዳድሩት ሞከሩ፣ ኦጋዴንን ለዓመታት አንለቅም አሉ፣ በ1934 እና በ1937 ውል እየተዋዋልን ነው ቀስ በቀስ የወጣነው። እሱም ይነገር። ቁምጣ የለበሰውን ቀጭን ሰውዬ ግን በዛ ምክንያት ከፎቶው ቆርጬ አላወጣውም፣ ከአያቴ ጋ አንድ ጉድጓድ ውሃ ጠጥቷል።

ወደ ሥራው ልመለስ። ፎቶውን በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፈው ረዳታቸው ልጅ በ1200 ዲፒአይ ስካን አደረገችው፣ ከዛ በፎቶሾፕ በእጅ ነው የሚሠሩት፣ ስንጥቅ በስንጥቅ። ከለር አልቀባም አሉኝ፣ "የማላየውን ቀለም ከየት አመጣለሁ?" አያቴ መታጠቂያው ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ሰክቷል፣ እኔ ካርቱም እየታተመ ይገባ የነበረው "ባንዲራችን" ጋዜጣ ይሆናል ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ነበር፣ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ሲያነብ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማው ነበር ይባላል። እስኪበቃን ዙም አደረግን፣ መስመር መስመር ይመስላል ፊደል ግን አይወጣም። "ላጥራው ብል ኮምፒውተሩ የራሱን ፊደል ይጽፍልሻል፣ አያትሽ ያልያዙትን ላስይዛቸው?" አሉኝ። እንደነበረ ቀረ። በጣም ነው ያከበርኳቸው።

ትልቁ ነገር ግን ያ ቡናማው ጥግ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቁጥቋጦ አድርገውት ነበር። ልጅቷ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ እያደረገች እድፉን ስታሳሳው መጀመሪያ ትንሽ እጅ መጣ፣ የበቅሎዋን ልጓም የያዘ፣ ከዛ ትከሻ፣ ከዛ ጭንቅላት፣ ጭንቅላቱ ላይ ቁንጮ። ህፃን ልጅ ነው፣ ዘጠኝ አስር ዓመት ቢሆነው ነው። ሦስታችንም ዝም አልን። ፊቱ ግማሹ የለም፣ እሱንም አልሞሉትም፣ ያለውን ብቻ አወጡት። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃውን አትወጣም፣ ልጅቷ ላፕቶፑን ይዛ እታች ድረስ ወርዳ መኪና ውስጥ አሳየቻት። እማዬ ስክሪኑን በጣቷ እየነካች "አባባ በቅሎ የሚስብልን ልጅ ነበር ይለኝ ነበርኮ፣ እዚህ ያለ አልመሰለኝም" አለች።

አሁን ቅሬታዬ። በ10 ቀን ይደርሳል ተብዬ 19 ቀን ነው የፈጀው፣ መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል እሱ ይገባኛል ግን መደወል ነበረባቸው፣ ሁለቴ በከንቱ ነው የተመላለስኩት። ደረጃው ጨለማ ነው፣ ትልልቅ ሰዎች ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ዋጋው ከነፕሪንቱ 3,200 ብር ነው፣ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ለአንድ ፎቶ ውድ ነው ሚል ሰው ይኖራል፣ እኔ ሰዓቱን ስላየሁ አልከራከርም። ፍሬም አይሠሩም ሌላ ቦታ ማሠራት አለባችሁ።

ስትሄዱ በስልክ ያነሳችሁትን ወይ በቴሌግራም የተላከላችሁን ሳይሆን ወረቀቱን ራሱን ውሰዱ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ካለ እሱንም ስካን ያደርጉላችኋል። ከተቻለ ደሞ ፎቶውን የሚያውቅ ትልቅ ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁና ሂዱ፣ መጠየቃቸው አይቀርም። እኔ ሦስት ኮፒ አሳትሜያለሁ፣ አንዱን ለእማዬ፣ አንዱን ጎጃም ላለው አጎቴ፣ ሦስተኛውን ጋሼ ግድግዳው ላይ ልስቀለው ብለው ጠይቀውኝ እዛው ነው ያለው፣ ከበሩ ስትገቡ በግራ በኩል።