የቤት ለቤት አስጠኚ፦ ለየትኛው ልጅ ነው የሚሠራው?

አዲስ አበባ ውስጥ «ብቁ አስጠኚ እናቀርባለን» የሚል ወረቀት ያልተለጠፈበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ገበያው የደራው በከንቱ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና አንስቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በመጀመሪያው ዓመት 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ወላጅ ቢደነግጥ እውነት አለው።

እዚህ የምንገመግመው አንድን ድርጅት ሳይሆን የተለመደውን ጥቅል ነው፤ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት፣ በወር ወደ 24 ሰዓት። ትምህርቱም አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ጥቅሉ መሠረቱን ለያዘ፣ ጠረጴዛና ጊዜ ላለው ልጅ ጥሩ ነው። መሠረቱ ለተናጋበት ልጅ ግን አሁን በሚሸጥበት መልኩ ገንዘብ ማባከን ነው። ችግሩ ደግሞ ይበልጥ የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ልጅ መሆኑ ነው።

የተለመደው ብልሽት እንዲህ ነው። አስጠኚው 11 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ልጁ የዕለቱን የቤት ሥራ ይዘረግፋል፣ ሁለቱ ሰዓት በእሱ ያልቃል። የቤት ሥራው 10 ከ10 ይሆናል፣ ቤተሰብ ይደሰታል፤ የሚድ (የግማሽ መንፈቅ) ፈተና ሲመጣ ግን ውጤቱ ያው ነው። አስጠኚው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የሚመዘነው ወላጅ በሚያየው ነው፤ ወላጅ የሚያየው ደግሞ ደብተር ላይ ያለውን ራይት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ አይከፈት። አስጠኚው 20 የሒሳብ ጥያቄ በወረቀት ይዞ ይምጣ፤ 5ቱ ልጁ አሁን ካለበት ክፍል፣ 15ቱ ደግሞ ከዚያ በሁለትና በሦስት ደረጃ ዝቅ ካሉ ክፍሎች የተውጣጡ። ካልኩሌተር አይፈቀድ፣ አስጠኚውም ፍንጭ አይስጥ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ 2/3 ሲደመር 1/4 ስንት ነው ሲባል 3/7 ብሎ ከጻፈ፣ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ጋር ደምሮታል ማለት ነው። መልሱ 11/12 ነው። ይህ ልጅ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ላይ የሚወድቀው ኳድራቲክ ከብዶት አይደለም። ከ15ቱ ቢያንስ 12ቱን ካልመለሰ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ለክፍልፋይ፣ ለኔጌቲቭ ቁጥርና ለሬሾ ይሰጥ፤ የቤት ሥራ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ላይ ከ20 ደቂቃ በላይ አይውሰድ። በወሩ መጨረሻ እነዚያው 20 ጥያቄዎች ቁጥራቸው ተቀይሮ ይቀርቡ። ለውጥ ከሌለ ወይ ዘዴው ወይ አስጠኚው ይቀየር።

የኑሮ ደረጃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ የግል ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ 15ቱን ጥያቄ ያለፋል፤ 24ቱ ሰዓት ወደፊት ይወስደዋል። ጥግግት ባለ ክፍል ውስጥ የተማረው ልጅ በዚያው 24 ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ ክፍተት ይደፍናል። ዋጋው እኩል ነው፣ የሚገዛው ግን እኩል አይደለም። የቦታም ጉዳይ አለ። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቴሌቪዥኑ፣ እንግዳውና አስጠኚው አንድ ክፍል ነው የሚጋሩት። የሳይቱ ኮሚናል (የነዋሪዎች የጋራ መጠቀሚያ ቤት) ካልተያዘ እዚያ ማስጠናት ይሻላል፤ ካልሆነም ቴሌቪዥኑ ለሁለት ሰዓት ይዘጋ፣ ድራማው ይቆይ።

ቋንቋን አስጠኚ አቅራቢ ኤጀንሲዎች አይጠይቁም ማለት ይቻላል። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራ የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆናል። በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ ተምሮ አዲስ አበባ የገባ ልጅ ላይ ደግሞ አማርኛው ይደረባል፤ አስጠኚው የሚያብራራው በአማርኛ ነዋ። ልጁ ሲያቅተው «ገብቶኛል» ይላል፣ አስጠኚው ያልፋል። መፍትሔው ሁለት ነው። ስልክ ስትደውሉ የልጁን ቋንቋ የሚችል አስጠኚ ጠይቁ። ካልተገኘ፣ ልጁ ማንኛውንም ጥያቄ ከመሥራቱ በፊት ምን እንደተሰጠና ምን እንደተጠየቀ በራሱ ቋንቋ ለቤተሰብ ይናገር። መናገር ካልቻለ ፎርሙላው ምንም አይረዳውም።

ሴት ልጅን በተመለከተ ሰዓቱን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል። ወንዱ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ያለማቋረጥ ይቀመጣል። እሷ በዚያው ሰዓት ውኃ ለማቅረብ፣ ሕፃን ለመያዝ፣ ወጡን ለማማሰል ትነሳለች። አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ስንት ጊዜ እንደተነሳች ቁጠሩ፤ አራት ጊዜ ተነስታ በየጊዜው 8 ደቂቃ ከቆየች ከ120 ደቂቃው 32ቱ ሄዷል። በወር 12 ክፍለ ጊዜ ቢኖር ከ6 ሰዓት በላይ ይሆናል፣ የተከፈለበት። «ለእሷ ባዮሎጂ ይበቃታል፣ ፊዚክሱን ለወንድሟ» የሚል ክፍፍልም አለ፤ አስጠኚውም አንዳንዴ ያግዘዋል፣ ወንዱን ሰሌዳ ላይ ያሠራዋል፣ እሷን ያስገለብጣታል። የሒሳብና የፊዚክስ ሴት አስጠኚ ማግኘት ቀላል ባይሆንም መጠየቁ አይጎዳም። አስጠኚው ማንም ይሁን ማን ጥናቱ ሳሎን ውስጥ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ አዋቂ ሰው ቤት ባለበት ይሁን። መልእክትም በወላጅ ስልክ እንጂ ከልጅቷ ጋር በቀጥታ አይላላክ።

ስለ ክፍያ አጭር ነገር። ከኤጀንሲው ጋር ስትዋዋሉ ከምትከፍሉት ውስጥ አስጠኚው እጅ የሚገባው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ኮሚሽኑ ትልቅ ከሆነ ጎበዙ አስጠኚ በሁለተኛው ወር የተሻለ ቤት አግኝቶ ይሄዳል፤ ተተኪው ደግሞ ከምዕራፍ አንድ ይጀምራል። ውሉ ላይ አስጠኚ ቢቀየር የ20ው ጥያቄ ውጤትና ልጁ የሳታቸው ጥያቄዎች የተመዘገቡበት ደብተር ለአዲሱ እንዲተላለፉ ይጻፍ።

ከጥቅሎቹ ሁሉ የምንመርጠው ግን ኤጀንሲዎች ብዙም የማያስተዋውቁትን ነው፤ ሦስት ልጆች፣ አንድ አስጠኚ። የእንግሊዙ ኤጁኬሽን ኢንዶውመንት ፋውንዴሽን ጥናቶችን አሰባስቦ ባወጣው ግምት መሠረት አንድ ለአንድ ማስጠናት በዓመት የ5 ወር ያህል፣ ትንሽ ቡድን ደግሞ የ4 ወር ያህል ተጨማሪ እድገት ያመጣል። ልዩነቱ አንድ ወር ነው፣ ወጪው ግን ለሦስት ይካፈላል። ቅድመ ሁኔታው ሦስቱ በ20ው ጥያቄ ተቀራራቢ ውጤት ያላቸው መሆናቸው ነው፤ ዕድሜና ክፍል ብቻ ማመሳሰል አይሠራም።

ሦስተኛውን ወንበር ለጎረቤት ልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ወጥ ቤት ተመልከቱ። በብዙ ቤት የቤት ሠራተኛዋ ዕድሜ ከሚያጠናው ልጅ ጋር እኩል ነው፤ ከገጠር መጥታ ማታ ትማራለች፣ ሳሎን የሚባለውን ሁሉ ሻይ ስታቀርብ ትሰማለች። እሷንም 20ውን ጥያቄ ፈትኗት። ብትቀላቀል ተጨማሪ ክፍያው ትንሽ ነው፣ ሰዓቱ ግን መስተካከል አለበት። የሥራ ቀን ምሽት የማታ ትምህርቷን ስለሚሻማባት ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል፤ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ከሆነ ጋገራው ወደ ዓርብ ይዛወር።