የሚኒስትሪ ውጤት ዝቅ ሲል «እኛ ጋ አምጡት» የሚሉትን ተጠንቀቁ

የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት በወጣ ሰሞን ልጁ ጥሩ ያመጣለት ወላጅ ተረጋግቶ ትምህርት ቤት ያማርጣል። ልጁ ለጥቂት ያለፈለት ደግሞ ይደነግጣል። ይህን የምጽፈው ለደነገጠው ነው። ምክንያቱም የእሱን ድንጋጤ ጠብቀው ገበያ የሚወጡ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ።

የእህቴ ልጅ 50ን ያለፈው በጥቂት ነጥብ ነው። ውጤቱ በወጣ ማግስት ከድሮ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወረቀት ይበተን ነበር። «ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን ተማሪዎች በልዩ ድጋፍ ተቀብለን ለዩኒቨርሲቲ እናበቃለን» ይላል። ትምህርት ቤቱን ስሙን አልጠራም። እህቴ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ሻይ አስመጣ፣ የልጁን ካርድ ሳያይ «አይዞሽ እህቴ፣ እኛ እንዲህ ዓይነቶቹን ነው የምንፈልጋቸው፤ ግን የቀረን አራት ቦታ ብቻ ነው» አላት። መስከረም ሲጠባም ምዝገባ ላይ ነበሩ። አራቱ ቦታ አልቆ አያውቅም።

ክፍያው በጥቅል ነው። መመዝገቢያ፣ የመጀመሪያ ተርም፣ የክረምት ብሪጅ (ለ9ኛ ክፍል ማዘጋጃ ትምህርት)፣ የዓመቱ ቱቶር (ተጨማሪ ማስጠናት)፣ ሁሉም በአንድ ቀን፣ ትምህርት ሳይጀመር። ደረሰኙን አገላብጣችሁ እዩት። የእሷ ከታች በኩል በደቃቃ ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ አይሆንም» የሚል ማህተም አለበት። ይህን ማንም በቃል አልነገራትም።

«ልዩ ድጋፍ» የተባለው ምን ሆነ? ከክፍል በኋላ ሦስት ሴክሽን አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባል። መምህሩ ጠዋት ያስተማረውን ምዕራፍ ከመጽሐፉ እንደገና ያነባል። ልጁ የወደቀበት እንግሊዝኛና ሒሳብ ነው፤ ቱቶሩ ግን ባዮሎጂም ሲቪክስም አለበት፣ የመጣው መምህር ያለውን ነው የሚሰጠው። ጥር ላይ ቱቶሩ ቀጥ አለ። ሲጠየቁ «መምህር እየፈለግን ነው» አሉ። የተከፈለው ግን አልተመለሰም። 10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ደግሞ እህቴን ጠርተው «ልጁ ለደረጃችን አይመጥንም፣ ሌላ ቦታ ፈልጊለት» አሏት። ደካማ ተማሪ እናበቃለን ብሎ ወረቀት የበተነው ይኸው ትምህርት ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ትምህርት ቤቱ 9ኛ ላይ ብዙ ልጅ ይቀበላል፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያ ነው። 11ኛ ከመግባታቸው በፊት ደካማውን ይሸኛል። 12ኛን የሚፈተኑት የተጣሩት ብቻ ይሆናሉ። ከዚያ ባነር ይሰቀላል። ስለዚህ «ስንት በመቶ አሳለፋችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ለዚያ መልስ ተዘጋጅቶላቸዋል። «ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ላይ ስንት ተቀበላችሁ? ከእነሱ ስንቱ እዚሁ 12ኛን ተፈተነ?» በሉ። ለዚህ ጥያቄ ቁጥር የሚሰጥ ካገኛችሁ፣ ቢያንስ ያወራችሁት ከሰው ጋር ነው።

ባነሩን ራሱን ደግሞ በደንብ አንብቡት። «100% አሳልፈናል» የሚለው ብዙ ጊዜ የ8ኛ ክፍል ውጤት ነው። እናንተ የምትገዙት የ12ኛን ነው። ሁለቱ አይገናኙም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ናቸው። በ2015 ከ1 ሺህ 300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አገሩ እንዲህ ባለበት «ሁሉንም እናሳልፋለን» የሚል ሰው ወይ ተአምር ሠሪ ነው፣ ወይ ቁጥሩ ላይ የሆነ ነገር አድርጓል።

አንዱ የሚደረገው ነገር ሬሜዲያል ነው። 50 ያላመጡ ተማሪዎች ከተወሰነ ነጥብ በላይ ካላቸው በሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም ገብተው ይማራሉ። ይሄ ጥሩ ዕድል ነው፣ ልጆቹንም አላናንቅም። ግን ትምህርት ቤቱ እነሱን ቆጥሮ «ዩኒቨርሲቲ አስገባን» ይላል። «ሬሜዲያሉን ሳትጨምሩ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊታቸውን እዩ።

የትምህርት ቤቱን የሥራ ፈቃድ አሳዩን በሉ። በቃል አይደለም፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀርባችሁ አንብቡ። እስከ ስንተኛ ክፍል ነው የሚፈቅደው? የዘንድሮ እድሳት አለው? የተጻፈው የዚህኛው ቅርንጫፍ ነው ወይስ የዋናው? አንዳንዱ እስከ 10 ብቻ ፈቃድ ኖሮት «11 እና 12 በሂደት ላይ ነው» ይላል። ሂደቱ ባያልቅ መንገድ ላይ የሚቀረው ልጃችሁ ነው። ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን (በመንግሥት የጥራት ፍተሻ) ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ መስፈርቱን አሟሉ የሚባሉት 3 እና 4 ናቸው። ደረጃውን ንገሩን ስትሉ «ገና አልመጡልንም» ካሏችሁ ወረዳ ትምህርት ጽህፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

11ኛ ላይ ተማሪው ወደ ተፈጥሮ ወይም ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይከፈላል። ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ሲያንሳቸው አንዱን ይዘጋሉ። ስለዚህ ዘንድሮ ሁለቱም ክፍሎች በተግባር እየተማሩ መሆናቸውን እዩ። ላብራቶሪ አለን ሲሏችሁም አስከፍቱት። የእህቴ ልጅ የገባበት ትምህርት ቤት ያሳዩን ላብራቶሪ ቁልፉን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጅቷል፣ ማይክሮስኮፖቹ ከነካርቶናቸው ነበሩ። (የባነሩ ዋጋ ቢያንስ አንድ መደርደሪያ ይሠራ ነበር።)

ኦሪጅናል ሰርተፍኬት አትስጡ። አሳዩ፣ ኮፒ ስጡ፣ ይዛችሁ ተመለሱ። ኦሪጅናሉ እነሱ ፋይል ውስጥ ከገባ፣ ልጁን ለማዘዋወር በፈለጋችሁ ቀን «መጀመሪያ የቀረውን ክፈሉ» ነው። የማትማሩበት ተርም ጭምር።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ከሁሉ የከፋ ነው። ልጁ 8ኛን ጨርሶ ያላለፈ ከሆነ «ችግር የለም፣ 9ኛ እናስገባዋለን፣ ወረቀቱን እናስተካክላለን» የሚል ሰው ካገኛችሁ ውጡ። የተስተካከለ ወረቀት አንድ ቀን ሲመረመር የሚጎዳው ልጃችሁ ነው። ላላለፈ ልጅ ቀጥተኛው መንገድ እንደገና መፈተን ነው። ውጤቱ ላይ ስህተት አለ ብላችሁ ከጠረጠራችሁም ትምህርት ቢሮዎች አብዛኛውን ጊዜ የቅሬታ ቀን ይሰጣሉ። ቀኑ አጭር ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ፣ የትምህርት ቤት ፍለጋው ይደርሳል።

ከመክፈላችሁ በፊት የልጁን ውጤት በየትምህርት ዓይነቱ አስቀምጡት። 9ኛ ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ ልጅ ታሪክም ፊዚክስም ድንገት በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። ሚኒስትሪ ላይ እንግሊዝኛው ዝቅ ካለ ሌላውም እየተጎተተ ይወርዳል። ለዚህ ልጅ ክረምቱን እንግሊዝኛ በደንብ የሚያስተምረው አንድ ሰው ይበልጥበታል፣ ስምንት ትምህርት በስድስት ሳምንት ከሚያሯሩጠው ብሪጅ። የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገብቶ የተረፈውን ገንዘብ እዚህ ላይ ማዋልም አንድ መንገድ ነው። «መንግሥት ቤት ገባ» ሲሉ የሚያፍሩ ዘመዶች ይኖራሉ። ይፈሩ።

ለከፈላችሁት ደግሞ፦ ደረሰኙን አትጣሉ፣ የተበተነውን ወረቀትና የባነሩን ፎቶ አስቀምጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ገዢውም ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ በጽሁፍ አመልክቱ፣ ምን ተባለ፣ ምን ቀረ፣ ስንት ይመለስ ብላችሁ። መልስ ካጣችሁ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽህፈት ቤትና ወደ ንግድ ጽህፈት ቤት ነው። ማመልከቻው ሁለት ኮፒ ይሁን፤ የእናንተ ኮፒ ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ማህተም ያድርግበት።