በክሉ ቤይ የግሬስ ኦማሊን ፈለግ የሚከተል የአንድ ቀን ጉብኝት

በምዕራብ አየርላንድ በሜዮ አውራጃ የሚገኝ አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረችውንና በባሕር ወንበዴነት የታወቀችውን፣ በአገሬው ዘንድ ግራኑዌል እየተባለች የምትጠራውን የግሬስ ኦማሊን ታሪክ መሠረት ያደረገ የአንድ ቀን ጉዞ ያዘጋጃል። ጉዞው ጠዋት ከዌስትፖርት ከተማ በሚኒባስ ተነሥቶ የሮክፍሊትን ግንብ ካሳየ በኋላ በጀልባ ወደ ክሌር ደሴት ይሻገራል። ስለ ሴት የባሕር ወንበዴዎች ከሚነገረው አብዛኛው አፈ ታሪክ በመሆኑ፣ የኖሩበትን ቦታ በዐይን እያዩ በሰነድ የተረጋገጠ ታሪካቸውን ለመስማት የሚያስችል ዕድል ብዙ አይገኝም፤ ጉብኝቱንም የምመዝነው በዚህ ረገድ ነው።

ሮክፍሊት ከኒውፖርት ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ብዙ ትናንሽ ደሴቶች ባሉት በክሉ ቤይ ባሕረ ሰላጤ ዳር ብቻውን የቆመ ባለ አራት ፎቅ የድንጋይ ግንብ ነው። በሄድንበት ቀን በሩ ዝግ ስለ ነበር ያየነው ከውጭ ብቻ ቢሆንም ቅር አላለኝም። ባሕሩ ሲሞላ ውኃው እስከ ግድግዳው ሥር ይደርሳል፤ ሲጎድል ደግሞ የባሕር አረም የለበሰ ድንጋይና ጭቃ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ1574 ከጎልዌይ የተላከው የእንግሊዝ ጦር ግንቡን ከብቦ ሳይሳካለት የተመለሰው ለምን እንደ ሆነ፣ በእነዚያ ሁሉ ትናንሽ ደሴቶች መካከል የሚገባውን ጠባብ መንገድ ላየ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አስጎብኚያችን የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ አዛውንት ሲሆኑ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ግሬስ ሁለተኛ ባሏን ሪቻርድ በርክን ለአንድ ዓመት ብቻ በሚጸና ውል እንዳገባችው፣ ዓመቱ ሲሞላም በዚሁ ግንብ በሯን ዘግታ ከላይ ሆና እንደ ፈታችው፣ ማታ ማታም የመርከቧን ገመድ በግድግዳው ቀዳዳ አሳልፋ ከአልጋዋ ጋር አስራ ትተኛ እንደ ነበር በሚጥም ለዛ ተረኩልን። ይህ ሁሉ አፈ ታሪክ ነው፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ቅሬታዬ የተረጋገጠውንም ያልተረጋገጠውንም በአንድ ድምፅ መናገራቸው ላይ ነው፤ ምክንያቱም በሰነድ የተመዘገበው ከገመዱ ወሬ ይልቅ ያስደንቃል።

በአየርላንድ የእንግሊዝ ዘውድ እንደራሴ የነበረው ሰር ሄንሪ ሲድኒ፣ ግሬስ ሦስት መርከቦችና ሁለት መቶ ተዋጊዎች ይዛ ለአገልግሎት እንደ ቀረበችለት ጽፏል። በ1593 የምዕራብ አየርላንዷ ግዛት የኮናክት እንግሊዛዊ ገዥ ሪቻርድ ቢንግሃም ልጇን ቲቦትን ባሰረባት ጊዜም፣ ዕድሜዋ ስድሳ ዓመት ገደማ የነበረው ይህች ሴት ወደ ለንደን ሄዳ ለንግሥት ኤልሳቤጥ አቤት አለች። ንግሥቲቱ ፊት ከመቅረቧ በፊት 18 ጥያቄዎች በጽሑፍ ተሰጥተዋት ለእያንዳንዱ መልስ ሰጥታለች፤ መልሶቿም እስከ ዛሬ አሉ። በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ በአየርላንድ ልማድ ባሏ የሞተባት ሴት ከመሬቱ ድርሻ እንደማታገኝ ታስረዳለች፤ በአቤቱታዋም ራሷንና ሰዎቿን በየብስና በባሕር በኃይል ማስተዳደር ግድ ሆኖባት እንደ ነበር ትገልጻለች። ወንበዴነት የተባለውን ሥራ የጉዳዩ ባለቤት ራሷ እንዲህ አድርጋ በመንግሥት ፊት ስታቀርበው ማየት ብርቅ ነገር ነው። ንግሥቲቱ በግሪኒች ካነጋገረቻት በኋላ ልጁ እንዲፈታ ለቢንግሃም ጽፋለች። አስጎብኚያችን ግን ከዚህ ሁሉ መርጠው የተናገሩት ሁለቱ ሴቶች በላቲን ተነጋገሩ ስለ መባሉ ብቻ ነበር።

ወደ ክሌር ደሴት የሚያሻግረው ጀልባ ከሩናህ ወደብ ይነሣል፤ ቲኬቱ በጉብኝቱ ክፍያ ውስጥ አለመካተቱን ያወቅነው እዚያው ወደቡ ላይ ስለ ሆነ ድርጅቱ ይህን አስቀድሞ ሊያሳውቅ ይገባው ነበር። በደሴቱ ወደብ ላይ ካለው የኦማሊዎች ግንብ ይልቅ እኔን የያዘኝ ትንሹ ገዳም ነው። በጣሪያው ላይ ዘንዶ፣ አጋዘን፣ ፈረሰኛና በገና ደርዳሪ ደብዝዘው ይታያሉ፤ በግድግዳው ላይም የቤተሰቡ አርማ ያለበት ድንጋይ «በየብስም በባሕርም ኃያል» የሚል የላቲን ጽሑፍ ይዟል። ግሬስ የተቀበረችው እዚህ ነው ይባላል። ለዚህ ቦታ የተሰጠን ጊዜ ግን ምሳችንን ለመብላት ከተሰጠን ያነሰ ነበር።

ጉዳዩን ጨርሶ ለማያውቅና ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ሰው ጉብኝቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ታሪኩን በጥልቀት ለሚፈልግ ግን መኪና ተከራይቶ በራሱ መሄድ ይሻለዋል። ከድርጅቱ ጋር ለመሄድ የወሰነ ሰው የባሕሩን የሙላት ሰዓት አይቶ ቀኑን ቢመርጥ መልካም ነው፤ ሚኒባሱ ሮክፍሊት የሚደርሰው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት በመሆኑ ውኃው በጎደለበት ቀን የሚታየው ጭቃው ነው።