ለጤና ተቋማት የእሳት ደህንነት ባለሙያ ለምትፈልጉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የአስተዳደር ሥራ እመራለሁ። ይህን የምጽፈው በቅርቡ የእሳት ደህንነት ፍተሻ ያደረጉልንንና ለሠራተኞቻችን ሥልጠና የሰጡትን ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ ተመሳሳይ ኃላፊነት ላለባችሁም ለመጠቆም ነው። ለረጅም ዘመን በእሳት አደጋ ሠራተኛነት አገልግለው አሁን በግላቸው የሚሠሩ ሰው ናቸው። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ እኛ እንደምንጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከዚህ ቀደም ውል የነበረን ድርጅት ሠራተኛ እየላከ በእሳት ማጥፊያዎቹ ላይ አዲስ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ያስለጥፍና አስፈርሞ ይሄድ ነበር። ጋሼ ግን ሚዛን ይዘው መጡ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ እንደ ዱቄቱ ማጥፊያ የግፊት መለኪያ ስለሌለው፣ ሙሉ መሆኑ የሚታወቀው ተመዝኖ በላዩ ከተጻፈው ክብደት ጋር ሲነጻጸር መሆኑን እያስረዱ አንድ በአንድ ሲመዝኑ፣ የላቦራቶሪው በር ላይ የተሰቀለው ባዶ ለመሆን ጥቂት የቀረው ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱ ግን «ተፈትሿል» ይላል! እርሳቸው ዕቃ አይሸጡም፤ ልንገዛ ካሰብናቸው አዳዲስ ማጥፊያዎች ውስጥም አንዳንዶቹ እንደማያስፈልጉን ነግረውናል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሰጡት ለኦክስጅን ሲሊንደሮቻችን ነው። ኦክስጅን ራሱ ባይነድም ሌላው ነገር በፍጥነትና በኃይል እንዲነድ ስለሚያደርግ፣ ከጀነሬተሩ ነዳጅ አጠገብ የቆሙትን ሲሊንደሮች በዚያው ዕለት አስነሥተው በሰንሰለት አሳሰሩ። የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር አልላላ ሲል ቅባት ወይም ዘይት መቀባት፣ ቅባት በነካው እጅም መንካት ለቃጠሎ እንደሚዳርግ ያስረዱት ደግሞ ለነርሶቹ ብቻ ሳይሆን ሲሊንደር ለሚያወርዱት የጥበቃ ሠራተኞችም ጭምር ነው።

በሥልጠናው ላይ ብዙ አልተነተኑም፤ አሠሩን እንጂ። ራሳቸው እንደ በሽተኛ ወለል ላይ ተኝተው አንዲት ቀጭን ነርስ በብርድ ልብስ ጎትታ በዚያው ፎቅ ከሚቀጥለው በር ጀርባ እንድታደርሳቸው አዘዟት፤ እርሷም አደረሰቻቸው። መራመድ የማይችልን ሕመምተኛ በቀጥታ ወደ ደረጃ ከመሮጥ በፊት ጭሱ ወደሌለበት ክፍል ማሻገርና በሩን መዝጋት እንደሚቀድም፣ ሊፍት ፈጽሞ እንደማይነካ የገባን ያን ጊዜ ነው። በኅዳር 2004 ዓ.ም. በህንድ ኮልካታ ከተማ በአምሪ ሆስፒታል ምድር ቤት በተነሣ እሳት ከሞቱት ከ80 በላይ ሰዎች አብዛኞቹን የገደለው ጭስ እንደነበረ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ዘግይተው መጠራታቸውም ብዙ እንዳስወቀሰ የነገሩን በዚሁ መካከል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሕመምተኛ ሲያሸሹ አንድ ሰው ወዲያውኑ ወደ እሳት አደጋ መጥሪያው 939 እንዲደውል ተመደበ። «ትንሽ እሳት ናት፣ እኛው እናጠፋታለን» የሚለው ቀርቷል።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የአደጋ ሪፖርት አያያዛቸው ነው። ሲመጡ መጀመሪያ ያነጋገሩት ሜዲካል ዳይሬክተሩን ሳይሆን የጽዳት ሠራተኛችንን ነበር፦ «እትዬ፣ እዚህ ቤት ሲወለውሉ የሚሸትዎት ሶኬት የትኛው ነው?» እትዬም ሳያመነቱ የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ከጀርም ወደሚያጸዳው ማሽን፣ ወደ ኦቶክሌቩ ክፍል ወሰዷቸው። የሶኬቱ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። ሽታውን ከቆየ ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ያልተናገሩት «ውሃ ያስነካሽው አንቺ ነሽ» እንዳይባሉ ፈርተው ነው። ጋሼ ወዲያው የነበረንን የሪፖርት ቅጽ አስመጥተው «የጥፋተኛው ስም» የሚለውን ረድፍ በእስክሪብቶ ሰረዙት። አሁን የሚጻፈው ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የታየው ወይም የሸተተው፣ ወዲያው የተወሰደው እርምጃና ጥገናውን እስከ መቼ ማን እንደሚጨርሰው ነው። ማንበብና መጻፍ የሚቸግረው ሠራተኛ በቃሉ ይናገራል፣ ተረኛ ነርስ ትጽፍለታለች። እሳት ያልተነሣበት፣ ለጥቂት የተረፈም ነገር ይመዘገባል። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ላይ የሚሞቅ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ በካርቶን የተዘጋ የአደጋ ጊዜ መውጫ፣ ከሻይ ማፍያው ምድጃ ጎን የተቀመጠ የሳኒታይዘር ጀሪካን ሰፍሯል። ሦስቱም ተስተካክለዋል። እኔ በበኩሌ ከሥልጠናው ይልቅ ይህ መዝገብ ብቻ ለክፍያው ይበቃል ባይ ነኝ።

ቅሬታ ካለኝ ቀጠሮአቸው ቶሎ አለመገኘቱ ነው። ክፍያቸው ወረቀት ለጥፈው ከሚሄዱት ከፍ ይላል፤ ከመጀመራቸው በፊት ግን ዝርዝሩን በጽሑፍ ይሰጣሉ፣ ሲጨርሱም አይጨምሩም። ስልካቸውን የምትፈልጉ የጤና ተቋማት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እርሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ከመምጣታቸው በፊት የማጥፊያዎቻችሁን ዓይነትና ብዛት፣ የኦክስጅን ማከማቻችሁን ቦታ እንዲሁም የማታ ተረኞችን ስም ዝርዝር አዘጋጁ። የማታ ተረኛ የሌለበትን ሥልጠና አይጀምሩም፤ እኛንም አንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ቀጠሮ አስለውጠውናል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን።