ያገለገለች ቲንክሴንተር እንደ ቤት ሰርቨር፦ የአሥራ አንድ ወር ልምዴ

ነገሩ የጀመረው በእማዬ ስልክ ነው። "ቦታ ሞልቷል" እያለ ፎቶ ማንሳት እምቢ አላት። ጎግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱም ከኢሜይሉ ጋር የጋራ ነው። ተጨማሪ ቦታ ለመግዛት የሚጠየቀው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ችግሩ በዶላር የሚከፍል ካርድ ነው፤ እኔ ደግሞ የለኝም። ውጭ ያለ ዘመዴ ሦስት ወር ከፈለልኝ። በአራተኛው ወር መጠየቅ አፈርኩ። በቃ፣ ፎቶዎቻችን እቤታችን፣ ሁልጊዜ በርቶ ፋይሎቻችንን በሚያቀርብልን ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ይቀመጡ አልኩ።

ታኅሣሥ 2017 ላይ ስታዲየም አካባቢ ካለ ሱቅ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም 710 ኪው የምትባል ያገለገለች ትንሽ ኮምፒውተር በ24 ሺህ ብር ገዛሁ። ወፍራም መጽሐፍ ብታክል ነው። 7ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር አላት። ራሟን ወደ 16 ጊጋ አሳደግኩት። ዊንዶውስ 11 ይህን ትውልድ በአብዛኛው አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ለሰርቨር ግን ይህ ምንም ማለት አይደለም። በዊንዶውስ ፈንታ ዴቢያን የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫንኩባት፤ ለፎቶ ኢሚች፣ ለፊልም ጄሊፊን የሚባሉ ፕሮግራሞችን ጨመርኩ። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከቲቪው ጀርባ ከራውተሩ ጎን ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ቀንም ሌሊትም እንደበራች ናት። ድምጿን የምሰማው ጆሮዬን ሳስጠጋ ብቻ ነው።

የመብራት ወጪዋ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። በመለኪያ ሳየው፣ ሥራ ሳይኖራት ከ10 እስከ 12 ዋት ነው የምትወስደው። 12 ዋት ወር ሙሉ ቢበራ 9 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። የድሮው ትልቁ ኮምፒውተሬ 60 ዋት ይበላ ነበር፤ እሱን ወር ሙሉ ባበራው 43 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ሌላው ጥቅሟ አዳፕተሯ እንደ ላፕቶፕ መሆኑ ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ማታ ማታ መብራቱ ሲደክምና አምፖሉ ሲፈዝ እሷ ምንም አትሆንም።

ያቃጠለኝ ሀርድ ዲስኩ ነው። ለፎቶዎቹ ብዬ 4 ቴራባይት የሆነ ውጫዊ ዲስክ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። ካርቶኑ የታሸገ፣ ፕላስቲኩ ያልተነካ ነበር። "አዲስ ነው" ተባልኩ፤ የከፈልኩትም የአዲስ ዋጋ ነው። ማታ ሰክቼ የዲስኩን ጤና የሚያሳየውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሠራ ራሱ ይመዘግባል። አዲስ ከሆነ ዜሮ ወይም ጥቂት ሰዓት ነው የሚለው። የእኔው 31,412 ይላል። ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። ለ24 ሳካፍለው ከ1,300 ቀን በላይ ሆነ። ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ የሆነ ቦታ ሳያርፍ ሲሠራ ኖሮ፣ አዲስ ካርቶን ለብሶ እኔ ጋ መጣ ማለት ነው።

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። ሻጩ ስክሪኑን እንኳን አላየም። "ወንድሜ፣ ደረሰኙን አንብበው" አለኝ። ከታች በትንሹ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ይላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። ይህንንም ነገርኩት። "ክሰሰኝ" አለኝ። ለስንት ቀን ሥራዬን ትቼ ልመላለስ? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያገለገለ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ሰርቨሬም ያገለገለች ናት። ያገለገለ ነው ብሎ መሸጥ ነው የጠፋው። ያ ዲስክ አሁን ፊልም ብቻ ነው የሚይዘው። ፎቶ አላምነውም።

ሁለተኛውን ስገዛ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። ሳልከፍል ሰክቼ ላየው እፈልጋለሁ አልኩ። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ እንቢ አለ። ቀጣዩ "ምን ችግር አለው" ብሎ ከፈተልኝ። የሠራበት ሰዓት 3 ብቻ ይላል፤ ከፈልኩ።

ግንቦት ላይ ደግሞ ማታ ጠፍቶ የነበረው መብራት ሌሊት ሲመጣ ሰርቨሯ አልተነሳችም። መብራት ሲመለስ በራሷ እንድትነሳ ባዮሷ (ስትነሳ መጀመሪያ የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራሟ) ውስጥ አስተካክያት ነበር። ከጎረቤት ሞኒተር ተውሼ ሳይ፣ ሰዓቷ ተዛብቶ ቁልፍ እንድጫንላት ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ምክንያቱ ሰዓቷን የምትጠብቀው ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ አልቃ ነው። በዕድሜ የሚመጣ ነገር ነው። መብራት እስካለ ድረስ ማለቋም አይታወቅም። ከሜክሲኮ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ጋ ገዛሁ። አንድ ብሎን ፈትቼ ቀየርኳት። ያገለገለ ማሽን የምትገዙ ይህቺን ባትሪ በመጀመሪያው ቀን ቀይሯት።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆያት ዩፒኤስ ላይ ግን የተሳሳትኩት ራሴ ነኝ። ርካሹን፣ ዩኤስቢ የሌለውን መረጥኩ። ስለዚህ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ለኮምፒውተሯ ሊነግራት አይችልም፤ ዝም ብሎ ነው የሚጥላት። መጀመሪያ ሰርቨሯንና ራውተሩን ከአንድ ሰዓት በላይ ይይዝ ነበር። በስምንተኛው ወር ዘጠኝ ደቂቃ አልሞላም። ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ነው፤ ደጋግሞ እስከ ጥግ ሲወርድ ቶሎ ይሞታል። አሮጌውን በፌስታል ይዤ መርካቶ ወረድኩና አምሳያውን ገዛሁ። የምትገዙ ካላችሁ ዩኤስቢ ያለውን ውሰዱ።

ታዲያ ድካሙ ለምን? ኢሚች ፊት ይለያል። ከአልበም ላይ በስልክ ያነሳኋቸውን አሮጌ ፎቶዎች ጨምሬ ሁለት ሌሊት ሙሉ ሲሠራ አደረ። ከዚያ አንዱን ፊት ነክቼ "እማዬ" ብዬ ሰየምኩት። ባለ ጥቁርና ነጩ የተማሪ ቤት ፎቶዋና የዘንድሮው እንቁጣጣሽ አንድ ላይ ተሰብስበው መጡ። ቲቪው ላይ ከፈትኩላት። ቡናው እስኪበርድ ድረስ አየችው። ተማሪ ቤት አጠገቧ የቆመችውን ልጅ በጣቷ እያሳየች፣ ስሟን ጠርታ፣ የት እንደደረሰች ትነግረኝ ጀመር።

የዚያ ሁሉ ፎቶ ሁለተኛ ቅጂ ጀሞ እህቴ ቤት፣ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ነው። በየወሩ መጨረሻ ሄጄ አዲሱን እጨምርበታለሁ።